ከረሜላው ማኪያቶ

ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ የመካኒሳን ቆርቆሮ እየጠበሰ ሳለ፣ እማዬ በስስት የምትይዘውን ስኳር መጥበሻ ላይ አድርጌ አቃጠልኩት። ሆን ብዬ ነው። ሽታው ሳሎን ሲደርስ ብድግ ብላ መጣች።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ካራሜል እየሠራሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ስኳር ነው ወይ የምታቃጥለው?»

እማዬ እውነት አላት። ሸማቾች ማኅበር በር ላይ በጠዋት ተሰልፋ፣ ተራዋን ጠብቃ፣ በኪሎ ተመዝኖላት ስኳር ያመጣችባቸው ዓመታት ሩቅ አይደሉም። በኛ ቤት ስኳር ከቁምሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ የሚወርደው እንግዳ ሲመጣ ነው። እኔ ደግሞ ይህን እያወቅሁ አንድ ሲኒ ሙሉ እሳት ላይ አፈሰስኩት።

ለዚህ ያበቃኝ አንድ ብርጭቆ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ቦሌ አካባቢ ካፌ ገብተን ዝርዝሩን ስናገላብጥ «አይስድ ካራሜል ማኪያቶ» የሚል አየሁ። ዋጋውን አየሁ። ሻይ አዘዝኩ። (እናንተም አድርጋችሁታል፤ አትዋሹ።) አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ግን አዘዘች። ረጅም ብርጭቆ መጣ፤ ከታች ነጭ፣ ከላይ ቡናማ፣ መሐሉ በረዶ፣ አናቱ ላይ ወርቅማ ክር የመሰለ ነገር ተጠምዝዞበታል። አንዴ አስቀመሰችኝ። ታክሲ ይዤ ወደ ሰፈር ስመለስ ከጀርመን አደባባይ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ቤታችን የሌለ ምን አለ? ቡና አለን። ወተት ከሱቅ ይመጣል። ስኳር፣ እማዬ ካልሰማች፣ አለ። በረዶም መብራት ካልጠፋ ይገኛል።

እዚያው ካፌ ውስጥ ግን ሌላ ወሬም ተነሥቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን ዝርዝሩን እያነበበ «ቅኝ አልተገዛንም እንላለን፣ ማዘዝ ግን በጣልያንኛ ነው» ብሎ አሳቀን። ሌላው ቀበል አድርጎ ሁላችንም ስንሰማው ያደግነውን ደገመው፤ «ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ የተወልን ማኪያቶና ፓስታ ነው።» እኔም እስከዚያች ቀን እንደዚያ ነበር የማምነው። ስኳሩን ከማቃጠሌ በፊት ግን ትንሽ አገላበጥኩ፤ ታሪኩ ዓመተ ምሕረት ሲገባበት እንደምንለው ሆኖ አላገኘሁትም።

ማሽኑ መቼ መጣ?

ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው ከተማይቱ የገቡት ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.። በፈረንጆቹ 1936 እና 1941 መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመቶች እንዳንምታታ በነሱ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አሁን ወደ ማሽኑ። በእንፋሎት ኃይል ቡና የሚያወጣ መሣሪያ የመጀመሪያውን ፈቃድ ያገኘው በ1884 ቱሪን ላይ ነው፤ ሰውየው አንጄሎ ሞሪዮንዶ ይባላል። በ1901 የሚላኑ ሉዊጂ ቤዜራ አሻሻለው፤ ዴሲዴሪዮ ፓቮኒ ደግሞ የቤዜራን ሐሳብ ገዝቶ ለገበያ አበቃው። እነዚህ ማሽኖች ግን የሚሠሩት በእንፋሎት ግፊት ብቻ ነበር። ግፊቱ ደካማ፣ ውሃው የፈላ፣ ቡናው መረር ያለ። ዛሬ ማኪያቶ ስናዝ ባሬስታው የሚቀዳው ወፍራም፣ ከላይ ወርቅማ አረፋ ያለው ቡና ከነሱ አይወጣም። ያንን ያመጣው አኪሌ ጋጃ ነው። የመጀመሪያ ፈቃዱን በ1938 ወሰደ፤ ባለ ማንሻውን፣ በከባድ ግፊት የሚሠራውን ማሽን ለገበያ ያቀረበው ግን ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ነው።

ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ጣልያን አዲስ አበባን የለቀቀው በ1941። ማኪያቷችንን ማኪያቶ ያደረገው ማሽን የወጣው ከሰባት ዓመት በኋላ። ቡና ቤት መክፈቱን፣ ቆሞ መጠጣቱን፣ ስሞቹን ይዘው መጥተዋል፤ እሱን መካድ አይቻልም። ማሽኑ ግን የመጣው ወደ ነፃ አገር ነው፤ በወታደር ሳይሆን በነጋዴ፣ በገንዘብ ተገዝቶ። ቶሞካ ፒያሳ ላይ የተከፈተው በ1953 ነው። ስሙ «ዘመናዊ የቡና መቁያ» የሚል ትርጉም ያለው የጣልያንኛ ስም አሕጽሮት ነው፤ የተከፈተባት ከተማ ግን ራሷን በራሷ ማስተዳደር ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር።

ወተቱስ? ዘመናዊ የወተት ሥራ በአገራችን የሚጀመረው በ1947 ነው። የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና መልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ የሚባሉ ዝርያ ላሞች፣ 300 ያህል፣ ሰጠን። የሾላው የወተት ማቀነባበሪያ ደግሞ በ1960 አካባቢ በዩኒሴፍ ድጋፍ ቆመ። ካፌ በየቀኑ ማኪያቶ እንዲሸጥ በየቀኑ የሚደርስ ወተት ያስፈልገዋል።

ማሽን 1948፤ ወተት 1947፤ ቶሞካ 1953። የቀረችው ስኳር ነች።

ስኳርና ከረሜላ

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1954 ነው። ያቋቋመው ኤች ቪ ኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ቀድሞ ሸንኮራ የሚያለማው ኢንዶኔዥያ ነበር። ኢንዶኔዥያውያን ለነፃነታቸው ተነሥተው ሆላንድን ሲያስለቅቁ ሌላ ቦታ ፈለገና አዋሽ ዳር መጣ። የወንጂ ስኳር ከሌላ ሕዝብ የነፃነት ትግል ጋር እንዲህ ይዛመዳል። ጣፋጩም በነፃ አልተገኘም፤ ፍሎራይድ የበዛበትን የወንጂ ጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ ያደጉ የሠራተኛ ልጆች ጥርሳቸው በልዟል፣ ከዓመታት በኋላ አጥንታቸው የታመመም ብዙ ነው። ሻይ ላይ ስኳር ስንጨምር ማንም ይህን አያነሣብንም።

ለኛ ሰፈር ልጅ ደግሞ ይህ ታሪክ ቅርብ ነው። ሸንኮራው ተጨምቆ ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁር፣ ወፍራም ፈሳሽ ሞላሰስ ይባላል። መካኒሳ የሚገኘው የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ አልኮሉን የሚያወጣው ከስኳር ፋብሪካዎች ከሚመጣ ሞላሰስ ነው። ስኳር የመጨረሻ ጠብታው ወዴት እንደሚሄድ የመካኒሳ ሰው ያውቃል ማለት ነው።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። «ካራሜል» ስንል አፋችን ላይ አዲስ፣ ትንሽም የቦሌ ቃል ይመስላል። ግን ቃሉን ከአራት ዓመታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ጣልያኖች «ካራሜላ» ይሉታል፤ እኛ «ከረሜላ» አልነው። እንግሊዞቹ በፈረንሳይኛ በኩል ከስፓኝ ተቀብለው «ካራሜል» አሉት። ሥሩ አንድ ነው። ያ ካፌ በትልቅ ዋጋ የሚሸጠው ቃል አያቶቻችን ለልጅ ማባበያ፣ ለለቅሶ ማስቆሚያ በሳንቲም የሚገዙት ከረሜላ ነው። መኪናን፣ ፍሬንን፣ ቦሎን፣ ፉርኖን ካመጣው ጎዳና ነው የመጣው፤ ዛሬ ማንም ሾፌር «ፍሬን ያዝ» ሲል ጣልያንኛ ተናገርኩ ብሎ አያፍርም።

«ቡናስ? እሱ እንኳ የራሳችን ነው» ትሉኛላችሁ። ነው፤ ጫካው የኛ ነው። ግን ለደገኛው ክርስቲያን ቡና ራሱ አዲስ መጠጥ የነበረበት ዘመን ነበር። ካህናቱ የሙስሊሞች መጠጥ ነው ብለው ያወግዙት ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚነግረን በክርስቲያኑ ዘንድ ቡና በፍጥነት የተስፋፋው በ1880ዎቹ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፣ አቡነ ማቴዎስም ውግዘቱ እንዲላላ ረድተዋል። ዛሬ «የባህላችን ምሰሶ» የምንለው አቦል፣ ቶና፣ በረካ በብዙ የደጋ ቤቶች ዕድሜው መቶ ሃምሳ ዓመት አይሞላም። ያን ጊዜ አንዲት እናት ጀበና ጥዳ የራሷ እናት «ምን እያደረግሽ ነው?» ብላ መጥታባት ይሆናል።

የሲያትሉ ታናሽ ወንድም

አሁን ያ ረጅም ብርጭቆ ከየት እንደመጣ እንይ። ስታርባክስ በ1971 ሲያትል ውስጥ የተቆላ ቡና የሚሸጥ ሱቅ ሆኖ ተከፈተ። ሃዋርድ ሹልትዝ የሚባል ሠራተኛው በ1983 ሚላን ሄዶ የኤስፕሬሶ ቡና ቤቶቹን አየና ልቡ እዚያው ቀረ፤ በ1987 ድርጅቱን ገዛው። ካራሜል ማኪያቶ ከዚያ ቤት የወጣው በ1996 ነው።

ልብ በሉ። አዲስ አበባ ማኪያቶ መጠጣት ከጀመረች አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ማለት ነው። አስተናጋጁ እንደ ታላቅ እንግዳ አድርጎ የሚያመጣው ብርጭቆ በዕድሜ የኛ ማኪያቶ ታናሽ ወንድም ነው። ስሙም ቢሆን ትንሽ ያምታታል። «ማኪያቶ» በጣልያንኛ ጠብታ ያረፈበት፣ ነጠብጣብ ያለበት ማለት ነው፤ ቡና ላይ ጠብ ያለች ወተት። የሲያትሉ ግን የተገለበጠው ነው፤ ወተት ላይ ጠብ ያለ ቡና። የኛው ከሁለቱ መሐል ነው፤ «ጠቆር ያለ» ወይም «ነጣ ያለ» ብለን ራሳችን የምናዝበት። መደራረብ እንኳ ለኛ አዲስ አይደለም፤ የስፕሪስ ጁስ አገር ነው ይሄ።

ነገሩ የሚከብደው በ2004 ላይ ነው። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ጸደይ አስራት ካልዲስ ኮፊን ከፈተች። የውጭ ጋዜጦች ዓርማውና አቀራረቡ ስታርባክስን ቁጭ ይላል ብለው ጻፉ። በዚያው ዓመት ስታርባክስ አሜሪካ ውስጥ «ሽርክና ሰን ድራይድ ሲዳሞ» የሚል ስም በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገብለት ማመልከቻ አስገባ። አዎ፣ ሽርክና፤ የራሳችን አማርኛ። እኛ መልካቸውን ስንዋስ እነሱ ስማችንን ተዋሱ። ልዩነቱ አንዱ ወገን መዝገብ ቤት መሄዱ ነው።

የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ2005 ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። በ2006 መጨረሻ ኦክስፋም ጉዳዩን አደባባይ አወጣው፤ ስሞቹ ቢመዘገቡ አገሪቱ በዓመት 88 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተጨማሪ ልታገኝ ትችላለች የሚል ግምትም አቀረበ። በሰኔ 2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ ስሞቹን በሚመለከት ስምምነት ተፈራረሙ፤ ስሞቹም በኢትዮጵያ ተመዘገቡ። እኛ ያኔ ጋዜጣ ላይ አንብበን «ዳዊት ጎልያድን ጣለ» ብለን ተደሰትን። ደስታው ተገቢ ነበር። ግን ለውጭ ገበያ የሚበቃ ደረጃ ያገኘ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረጅም ዓመታት ክልከላ ነበር። የስሙ ባለቤት ስንሆን ፍሬው ግን ዶላር ሊያመጣ ይሄዳል፤ ለእማዬ ጀበና የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው።

ስለዚህ «ይሄ የፈረንጅ ነው፣ ያ የኛ ነው» የሚለው ክርክር ብዙም አያሞቀኝም። አቦሉም፣ ማኪያቶውም፣ ከረሜላውም ከሆነ ቦታ መጥተዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሥራውን ማን ያውቀዋል? በዝርዝር ላይ ብቻ የምናውቀው ነገር ሁልጊዜ የሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ ዋጋውን የሚቆርጠውም እሱ ነው። የ1950ዎቹ ባሬስታዎች ማሽኑ ሥር ቆመው ተምረው ነው ማኪያቶን የአዲስ አበባ ያደረጉት። መጥበሻውን ያነሣሁት ለዚህ ነው።

እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ከረሜላው። አንድ ሲኒ ስኳር ደረቅ መጥበሻ ላይ፣ መካከለኛ እሳት። ውሃ አይገባም። አትነካኩት፤ ዳር ዳሩ ሲቀልጥ መጥበሻውን እያዘነበላችሁ አንቀሳቅሱ። ስኳር 160 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቀለሙ መለወጥ ይጀምራል፤ የምትፈልጉት የጠጅ ዓይነት ወርቅማ ነው። ከዚያ ካለፈና ከጠቆረ ይመራል፤ መጣል ብቻ ነው መድኃኒቱ (እማዬ እያየች!)። ልክ ወርቅማ ሲሆን እሳቱን ቀንሱና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤ ጨምሩ። የገበታ ቅቤ ነው ያልኩት፤ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት የወጥ ቅቤ አይሆንም፣ ሞክሬው ነው የምነግራችሁ። ቀጥሎ ግማሽ ሲኒ ክሬም፣ ከሌለ የሞቀ ወተት፣ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ይንተከተካል፣ ይፈናጠራል፤ ከፈላ ውሃ የባሰ ስለሚያቃጥል ሕፃን አጠገባችሁ አይቁም። ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ እስኪወፍር ሁለት ሦስት ደቂቃ አማስሉትና አውርዱት። ሲቀዘቅዝ የበለጠ ይወፍራል።

ቀጥሎ ቡናው። አክስቴ ከሮም ያመጣችልን ሞካ የምትባል ባለ ስምንት ማዕዘን ማፍያ አለች፤ ፋብሪካዋን ያቋቋመው አልፎንሶ ቢያሌቲ ነው፣ ማፍያዋ የወጣችው በ1933። ሞካ የየመን ወደብ ስም ነው፤ ቡና ወደ አውሮፓ የተሻገረበት። ማፍያዋ ከሌላችሁ ጀበና ይበቃል፤ ቡናውን አብዝታችሁ፣ ውሃውን በግማሽ ቀንሳችሁ አፍሉ፣ አቦሉን ብቻ በደንብ አስክናችሁ ቅዱ። ካፌ የምናገኘው ዓይነት አረፋ አይኖረውም። ቡናነቱ ግን ከብዙ ካፌ ይበልጣል፤ ከቆላችሁት ሰዓቱ አልሞላማ።

መጨረሻ ላይ ብርጭቆው። አንድ ማንኪያ ከረሜላ ከውስጥ ግድግዳው ላይ አንጠባጥቡ። በረዶ እስከ ግማሽ። ቀዝቃዛ ወተት እስከ ሦስት አራተኛ። ከዚያ ቡናውን በበረዶው ላይ በማንኪያ ጀርባ እያሳረፋችሁ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ወተቱ ከባድ ስለሆነ ከታች ይቀራል፣ ቡናው ከላይ ይንሳፈፋል። አናቱ ላይ የቀረውን ከረሜላ በክር አዙሩበት። አለቀ።

እማዬ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ አየች። ብርጭቆውን አነሣሁና ልቀምስ ስል «ብቻህን?» አለችኝ።

«ምን ብቻህን?»

«ቡና ብቻህን ትጠጣለህ?»

እውነቴን ነው፣ ስለ ማሽንና ስለ ንግድ ምልክት ሳነብ ይህ ጥያቄ አልመጣልኝም ነበር። ካፌው የሚሸጠው መጠጥ ለአንድ ሰው ነው፤ ብርጭቆው አንድ፣ ጭዱ አንድ። የእማዬ ቡና ግን አንድ ሲኒ ሆኖ አያውቅም። መልስ ሳልሰጣት ወጥታ ጎረቤታችንን እትዬን ጠራቻቸው፤ እሳቸው ሁለት ሰው አስከትለው መጡ። በረዶው ለሁለት ብርጭቆ ብቻ ነበር የበቃው፤ የቀሩት ወተቱን አሙቄላቸው በሲኒ ጠጡ። እትዬ አንዴ ፉት አሉና አፋቸውን መጠጥ አድርገው እኔን አዩኝ።

«ይሄማ ከረሜላ ነው» አሉ።

መዝገበ ቃላት ሳይገልጡ፣ በአንድ ጉንጭ። እማዬም ሲኒዋን ጨርሳ ባዶውን የስኳር ዕቃ አንሥታ ውስጡን አየችና ፊቴ አስቀመጠችው።

«ጥሩ ነው። ሸማቾች ስኳር ሲመጣ የምትሰለፈው ግን አንተ ነህ።»